የባዜቃ ተጋላጭነትን በሽንት መመርመር፦ ለጅማ ነዋሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ባዜቃ፣ በዛሬው የተለመደ አጠራር ሜርኩሪ፣ ሳይሞቅ የሚተን ብረት ነው። ተኑ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው በሥራ ክፍሉ ውስጥ መኖሩን ሊያውቅ አይችልም፤ ሆኖም ወደ ሳንባ ከሚገባው ተን ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ወደ ደም ያልፋል። ስለዚህ «እስካሁን ምንም አልተሰማኝም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። ማረጋገጫ የሚሆነው በአግባቡ የተወሰደ ናሙና ነው። ይህ መመሪያ ከሁሉ ይልቅ በናሙና አወሳሰድ ላይ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህ ምርመራ ውጤትን የሚያበላሸው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን ሽንቱ ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት ነውና።

በጅማ ይህ ምርመራ ሊያስፈልጋቸው የሚችሉ ሰዎች የሚከተሉት ናቸው፦ ለጥርስ ሙሌት የሚውለውን አማልጋም የሚያዘጋጁና የሚሞሉ የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች (የአማልጋም ክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው)፤ በሜርኩሪ የሚሠሩ የቆዩ የደም ግፊት መለኪያዎችን የሚጠግኑ ሠራተኞች፤ በባዜቃ ተለይቶ የመጣ ወርቅ በሱቃቸው የሚያቀልጡ አንጥረኞችና ከእነርሱ ጋር የሚውሉ ልጆች፤ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ለወራት የተጠቀሙ ሰዎች፤ እንዲሁም ቴርሞሜትር ወይም የደም ግፊት መለኪያ ተሰብሮ ፈሳሹ በወለሉ ላይ የቀረበት ቤት ነዋሪዎች።

አንደኛ፦ የሚፈለገው ብረት በሽንት የሚታይ መሆኑን ማረጋገጥ

ሁሉም ብረት በሽንት አይመረመርም። የእርሳስ ተጋላጭነት የሚለካው በደም ነው፤ አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጥ ሰው ሽንቱን ይዞ ቢመጣ ወደ ደም ምርመራ መመራት አለበት። አርሴኒክና ካድሚየም በሽንት ይለካሉ፤ ሆኖም አርሴኒክ የሚመረመርለት ሰው ዓሣና የባሕር ምግብ ከበላ ጥቂት ቀናት ማለፍ ይኖርባቸዋል፣ አለበለዚያ ጉዳት የሌለው የአርሴኒክ ዓይነት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ሜርኩሪም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በተን መልክ የተሳበው እና በቅባት ውስጥ ያለው ሜርኩሪ የሚከማቸው በኩላሊት ስለሆነ ሽንት ደኅና አድርጎ ያሳየዋል። ከዓሣ የሚገኘው ሜቲል ሜርኩሪ ግን በአብዛኛው የሚወጣው በሰገራ በመሆኑ የሚለካው በደም ወይም በፀጉር ነው። በጃፓን ሚናማታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው በሽታ የዚህ ሁለተኛው ዓይነት ነበር፤ ስለዚያ በሽታ ሰምቶ የሰጋ ዓሣ ወዳጅ የሽንት ምርመራ ቢያደርግ ንጹሕ ውጤት አግኝቶ በከንቱ ሊረጋጋ ይችላል።

ሕፃን ልጅ የቴርሞሜትር ባዜቃ ዋጠ የሚል ስጋት በየጊዜው ይነሣል። በጨጓራና በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚያልፈው ፈሳሽ ባዜቃ እጅግ ጥቂት ነው፤ ይልቅ የሚያሰጋው የተሰበረው መስታወትና በወለሉ ላይ የቀረው ጠብታ ነው። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይጠጋል፣ በወለል ላይ የሚጫወተው ደግሞ ሕፃኑ ነው።

ሁለተኛ፦ ሽንት ከመስጠት በፊት ላቦራቶሪውን መጠየቅ

በተለመደው የሽንት ምርመራ፣ ማለትም ኢንፌክሽን፣ ስኳርና ፕሮቲን በሚታይበት፣ ሜርኩሪ አይታይም። ለብረት ምርመራ በቀዝቃዛ ተን ዘዴ የሚሠራ የአቶሚክ አብሶርፕሽን መሣሪያ፣ አለዚያም አይ ሲ ፒ ኤም ኤስ የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ በሌላ የጤና ተቋም የሚታከም ሰው በመጀመሪያ ከሐኪሙ የምርመራ ማዘዣ ማስወጣት፣ ቀጥሎም ናሙናው እዚያው ይሠራ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ይላክ እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። ለላቦራቶሪው የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ የናሙና ዕቃውን እናንተ ትሰጣላችሁን? አሲድ ቀድሞ ይጨመርበታልን? ክሪያቲኒን (የሽንቱን ቅጥነት የሚያሳይ የጡንቻ ቆሻሻ) አብሮ ይለካልን? መሣሪያው ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ስንት ነው? የመጨረሻው መልስ ከ1 ማይክሮግራም በሊትር ብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ ምርመራው ከባድ ተጋላጭነትን እንጂ መጠነኛውን ሊለይ እንደማይችል ይወቁ።

ሦስተኛ፦ ቀንና ሰዓት መምረጥ

በሥራ ላይ ለወራት ለተጋለጠ ሰው የሚመከረው ከእንቅልፍ እንደተነሣ የሚሸናው የመጀመሪያ ሽንት ነው። በኩላሊት በኩል የሚወጣው ሜርኩሪ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ስለሚለያይ፣ አንድ ጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ በሌላ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት የተወሰዱ ናሙናዎችን ማነጻጸር ዋጋ የለውም። የሰዓቱ መመሳሰል ከሰዓቱ ምርጫ አያንስም።

አደጋው የደረሰው በቅርብ ቀን ከሆነ፣ ለምሳሌ ትናንት የደም ግፊት መለኪያ ተሰብሮ ክፍሉ ውስጥ የዋለ ሰው ካለ፣ ሽንት ገና ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ብረቱ ወደ ኩላሊት ደርሶ በሽንት እስኪታይ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሐኪሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሽንት እንዲመረመር ያዛል።

በረመዳን ወራት ናሙና የሚሰጥ ጾመኛ ጎሕ ሲቀድ የሚሸናውን እንዲሰጥ እመክራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የሚገኘው ሽንት እጅግ የወፈረ ስለሚሆን ላቦራቶሪው ሊጥለው ይችላል። በአንጻሩ «ብረቱ ይታጠብ» ብሎ ከምርመራው በፊት ውኃ በብዛት የሚጠጣ ሰውም ናሙናውን ያበላሻል። እንደ ወትሮው መጠጣት በቂ ነው። ንፅፅር ለማሳየት የሚሰጥ መድኃኒት ተወግቶ ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ የተነሣ ሰው መድኃኒቱ አዮዲን ወይም ጋዶሊኒየም ስላለበት ቢያንስ 4 ቀን ይቆይ።

አራተኛ፦ የናሙና ዕቃ

ብዙ ሰው ለሽንት ምርመራ ሲታዘዝ የሽሮፕ ጠርሙስ አጥቦ ወይም የሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጦ ያመጣል። ለተለመደው ምርመራ እንኳ የማይመከረው ይህ ልማድ እዚህ ላይ ፈጽሞ አይሆንም፤ የምንለካው በአንድ ሊትር ውስጥ ያሉ ጥቂት ማይክሮግራሞችን ነውና ዓይን የማያየው ትራፊ ከሽንቱ የበለጠ ብረት ሊኖረው ይችላል። ትክክለኛው ዕቃ ጠመዝማዛ ክዳን ያለው፣ አዲስ፣ ቀለም ያልተነከረ የፖሊፕሮፒሊን ኩባያ፣ ይልቁንም በአሲድ ታጥቦ ከብረት ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ክዳኑ የብረት ወይም የጎማ ሽፋን ሊኖረው አይገባም።

ብዙ ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ የሚመረምር ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይጠበቅበታል። ከኩባያዎቹ መካከል አንዱን በተጣራ የላቦራቶሪ ውኃ ሞልቶ ከሌሎቹ ጋር አብሮ እንዲጓዝ፣ በመጨረሻም አብሮ እንዲለካ ማድረግ አለበት። በዚህ ኩባያ ውስጥ ሜርኩሪ ከተገኘ ብረቱ የመጣው ከሰው ሳይሆን ከዕቃው ወይም ከመንገዱ ነው። ይህ ርካሽ ጥንቃቄ ሲዘለል ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ የተዘለለበትን ውጤት ግን በኋላ ለመከላከል ምንም መንገድ የለም።

አምስተኛ፦ ሽንቱን መውሰድ

ናሙናው በሥራ ቦታ አይወሰድ። የአንጥረኛ ሱቅ ወይም የጥርስ ሕክምና ክፍል አቧራ ራሱ ሜርኩሪ ሊኖረው ስለሚችል በቤት፣ የሥራ ልብስ ሳይለበስ፣ ከተቻለም ገላ ከታጠቡ በኋላ መውሰድ ይገባል። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው።

እጅን በውኃና በተራ ሳሙና ይታጠቡ። ሳሙናው ቆዳ የሚያነጣ ከሆነ አይጠቀሙበት፤ አንዳንዶቹ ሳሙናዎች ራሳቸው ከ1 እስከ 3 በመቶ የሜርኩሪ አዮዳይድ ያለባቸው ናቸው። የሽንት መውጫውን አካባቢ በንጹሕ ውኃ ይታጠቡና ያድርቁ። ኩባያውን ሊሸኑ ሲሉ ብቻ ይክፈቱ፤ ክዳኑን ውስጡ ወደ ላይ አድርገው በንጹሕ ነገር ላይ ያኑሩ እንጂ በመሬት ላይ ወይም በኪስ ውስጥ አያስቀምጡ። የመጀመሪያውን ጥቂት ሽንት ወደ መጸዳጃ ይልቀቁ፣ መካከለኛውን ይቀበሉ፤ ጣትዎ የኩባያውን ውስጥ አይንካ። 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ወዲያውኑ ይክደኑ፣ ስምዎንና ሰዓቱን በዕቃው ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይጻፉ፤ ክዳን ከክዳን ይቀያየራልና።

አሲድ ያለበት ኩባያ ከተሰጠ በቀጥታ በውስጡ መሽናት አይገባም፤ በሌላ ንጹሕ ኩባያ ተቀብሎ ቀስ ብሎ መገልበጥ ነው። አሲዱን ከቤት መጨመር ደግሞ የታካሚ ሥራ አይደለም።

ሐኪሙ የ24 ሰዓት ሽንት ካዘዘ አጀማመሩን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። ጠዋት 12 ሰዓት ሲነሡ የመጀመሪያውን ሽንት ይጣሉት፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ጀምሮ ቀንም ሌሊትም የሚወጣው ሁሉ ይጠራቀማል፣ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት የሚሸናው የመጨረሻው ይጨመራል። አንድ ጊዜ እንኳ ረስተው መጸዳጃ ቤት ከሸኑ አለመደበቅ ይሻላል፤ ከዜሮ መጀመር ነው። እንደ እኔ አስተያየት ሥራ ላይ ለሚውል ሰው የጠዋት ሽንት ከክሪያቲኒን ጋር መለካቱ ከ24 ሰዓቱ የተሻለ ነው፤ ጀሪካን ይዞ መዋል የሚችል አንጥረኛ እምብዛም ስለማይገኝ ሙሉ ያልሆነው ስብስብ ያሳስታል።

ስድስተኛ፦ ማቆየትና ማጓጓዝ

ሽንት በሙቀት ሲቆይ ባክቴሪያዎች ይራቡበታል፤ አንዳንዶቹም በውስጡ ያለውን ሜርኩሪ ወደ ተንነት መልሰው በክዳኑ ቀዳዳ ያስወጡታል። ከፊሉ ደግሞ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በሁለቱም መንገድ ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል፤ ይህም ከመብዛቱ ይልቅ አደገኛ ነው፣ ሰውን በሐሰት ያረጋጋዋልና። ስለዚህ ናሙናው እንደተወሰደ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መቀመጥ፣ በዚያው ቀንም ላቦራቶሪ መድረስ አለበት።

ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። የጅማ የጠዋት ቅዝቃዜ አያታልል፤ መኪናው ከሰኮሩ ወርዶ የግቤን ቆላ ሲያቋርጥ በሻንጣ ክፍል ውስጥ ያለው ሙቀት ሌላ ነው። የበረዶ ሳጥን፣ ቢያንስ አራት የቀዘቀዘ በረዶ ጥቅል፣ እያንዳንዱ ኩባያ ለብቻው በተዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ። ለብዙ ቀናት የሚቆይ ናሙና በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል፤ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ከኩባያው አናት ጥቂት ባዶ ቦታ ይተው። ፈሳሹ ለምርመራ የሚቀዳው በረዶው እየቀለጠ ሳለ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ከቀለጠና በደንብ ከተናወጠ በኋላ ነው፣ ዝቃጩ ሜርኩሪ ይዞ ሊቀር ይችላልና።

ከናሙናው ጋር የሚላከው ቅጽ የተመርማሪውን ዕድሜ፣ የሥራ ዓይነትና ቆይታ፣ ሽንቱ የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት፣ የአማልጋም ሙሌት ያላቸውን ጥርሶች ብዛት፣ የሚጠቀምበትን ቅባትና የኩላሊት ሕመም መኖር አለመኖሩን መያዝ አለበት። ቅባቱን በተመለከተ ተጠቃሚውን «ሜርኩሪ አለበት?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም። ማሸጊያውን አስመጥቶ ጽሑፉን ማንበብ ነው፤ «ካሎሜል» ወይም «መርኩሪክ አዮዳይድ» የሚል ከተገኘ ነገሩ ግልጽ ነው። «ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያም ራሱ ጥርጣሬን ይጋብዛል፤ ሜርኩሪ እነዚህን ብረቶች ይነካካቸዋልና። በዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት መሠረት ከ1 ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከእ.ኤ.አ. 2020 በኋላ፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ ደግሞ ከ2025 በኋላ፣ እንዳይመረት፣ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይወጣ ተወስኗል፣ ነገር ግን መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ስምምነቱን አንብቦ አልመጣም።

ሰባተኛ፦ ውጤቱን ማንበብ

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው መለኪያው ነው። ማይክሮግራም በሊትር ከሆነ ይቀጥሉ፤ ናኖሞል በሊትር ከሆነ ቁጥሩን ለ5 ያካፍሉት። ቀጥሎ ክሪያቲኒኑን ይመልከቱ። ክሪያቲኒን ጡንቻ በየቀኑ በተመጣጣኝ መጠን የሚያስወጣው ቆሻሻ ስለሆነ ሽንቱ የቀጠነ ወይም የወፈረ መሆኑን ያሳያል። በሊትር ከ0.3 ግራም በታች ወይም ከ3.0 ግራም በላይ ከሆነ ናሙናው እንደገና መወሰድ አለበት። በሚሊግራም በዴሲሊትር ከተጻፈ ለ100 ሲካፈል ግራም በሊትር ይሆናል።

ለምሳሌ አንድ አንጥረኛና ረዳቱ ሁለቱም 18 ማይክሮግራም በሊትር የሚል ውጤት ደረሳቸው እንበል። የአንጥረኛው ክሪያቲኒን 0.6 ግራም፣ የረዳቱ 2.0 ግራም ነው። 18ን ለ0.6 ብናካፍል 30 ማይክሮግራም በግራም ክሪያቲኒን እናገኛለን፤ ለ2.0 ብናካፍል ግን 9 ብቻ። አንድ ዓይነት የሚመስሉት ወረቀቶች የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው፤ ክሪያቲኒን የሌለበት ውጤት ሙሉ አይደለም የሚባለውም ስለዚህ ነው። በሕፃናት ግን ጡንቻቸው ጥቂት በመሆኑ ይህ ስሌት ቁጥሩን ያጋንነዋልና ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ይታዩ።

የተለየ ተጋላጭነት የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ማይክሮግራም በታች ያሳያል፤ ብዙ የአማልጋም ሙሌት ያለው ሰው ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። የጀርመን የሰው ባዮሞኒተሪንግ ኮሚሽን ሁለት ወሰን አስቀምጧል፦ ከ5 ማይክሮግራም በግራም ክሪያቲኒን በታች ከሆነ የጤና ስጋት የለም፤ ከ20 በላይ ከሆነ ግን እርምጃ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ላሉ ሰዎችም በአሜሪካ የሚሠራበት መመዘኛ ከሥራ በፊት በተወሰደ ሽንት 20 ማይክሮግራም በግራም ነው፤ ቀድሞ 35 ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የሕመም ማረጋገጫ አይደሉም። ሽንት በአንጎል ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ አይለካም፣ ከዓመታት በፊት ያበቃ ተጋላጭነትንም አያሳይም፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰውም ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ስምንተኛ፦ ከውጤቱ በኋላ

ከ5 እስከ 20 ባለው መካከል ያለ ውጤት ምንጭ ፍለጋን ይጠይቃል። ከ20 በላይ ከሆነ ሰውዬው ከምንጩ መለየት፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የድድ ሕመምና የጠባይ ለውጥ መኖሩን ማስመርመር፣ በሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መታየቱንም ማረጋገጥ አለበት። ቤቱና ሱቁ አንድ ግቢ ከሆነ ሚስትና ልጆችም ይመረመሩ።

በሰውነት ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ወደ 2 ወር ገደማ ነው። ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ 30 የነበረው አንጥረኛ ማቅለጡን ካቆመ ከሁለት ወር በኋላ በ15 አካባቢ መገኘት ይጠበቅበታል። ቁጥሩ ባለበት ከቆመ አቆምሁ ያለው ሥራ አልቆመም፣ ወይም ያልታወቀ ሌላ ምንጭ አለ፤ ለምሳሌ በሱቁ ወለል ስንጥቅ ውስጥ የተቀመጠ ጠብታ። እንዲህ ያለ ጠብታ በመጥረጊያ መጠረግ የለበትም፤ መጥረጊያ ይሰባብረውና ይበልጥ እንዲተን ያደርገዋል። ልጆችን አስወጥቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በወፍራም ወረቀት ሰብስቦ፣ ቀሪውን በሚያጣብቅ ፕላስተር አንሥቶ ክዳን ባለው ጠርሙስ መዝጋት ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ማሳሰብ እወዳለሁ። ዲ ኤም ኤስ ኤ ወይም ዲ ኤም ፒ ኤስ የሚባለውን ብረት የሚስብ መድኃኒት ሰጥቶ ከዚያ በኋላ ሽንት መለካት የሚሉ አካላት አሉ። መድኃኒቱ የማንኛውንም ሰው የሽንት ሜርኩሪ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ያልተጋለጠ ሰው እንኳ «ተመርዘሃል» ሊባል ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ውጤት የሚሆን መመዘኛም የለም። መድኃኒቱ የሚሰጠው መመረዙ ያለ መድኃኒት በተወሰደ ናሙና ከተረጋገጠ በኋላ፣ በሐኪም ክትትል ብቻ ነው። በመድኃኒት የተነሣሣ ውጤት ይዞ የሚመጣ ሰው ካጋጠመ የቀድሞው ወረቀት ወደ ጎን ተደርጎ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ጥቂት ሳምንታት ከተጠበቀ በኋላ፣ ከላይ በተገለጸው መንገድ አዲስ የጠዋት ናሙና ይወሰድለት።

ተከታዩ ናሙና ከመጀመሪያው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት ኩባያ፣ በዚያው ላቦራቶሪ ይሠራ። የመጀመሪያው ውጤት ወረቀት ቅጂም ከአዲሱ የምርመራ ማዘዣ ጋር ተያይዞ ይላክ።